ያሞቅኩት ዩሪያ

ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ይህን አንገር ጉቲን ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቆላው ሲያቃጥለን ከአባቴ ማዳበሪያ እፍኝ ሰርቀን ጣሳ ውስጥ እየበጠበጥን በየተራ እጃችንን እንነክር ነበር። ብዙ ዩሪያ በጥቂት ውሃ ማሟሟት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ቅዝቃዜ ፈተና ነው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ማሟሟቱን ያዘገያል፤ ስለዚህ ብርጭቆው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ካልሆኑልኝ ነገሮች አንዱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ታክሲ እስኪሞላ ከምጠብቅ በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ፤ ስብሰባ ላይ ጉልበቴ ስለሚንቀጠቀጥ ጎኔ የሚቀመጡ ባልደረቦቼ ወንበራቸውን ያሸሻሉ።

ነቀምቴ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለሦስተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥናት ደግሞ በአንዲት ትንሽ ፕሮቲን ላይ ነው። ሴሎቻችን ብዙ ጊዜ እንዲሁ በድንገት አይሞቱም፤ ትእዛዝ ተቀብለው፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ነው የሚሄዱት። እናታችን ሆድ ውስጥ ሳለን ጣቶቻችን እንደ ዳክዬ እግር የተያያዙ ነበሩ። በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች ሙቱ ተብለው ስለሞቱ ነው ዛሬ እስክሪብቶ የምንይዘው። ያንን ትእዛዝ ሴሉ ውስጥ ከሚያቀባብሉት መልእክተኞች አንዷ የእኔዋ ፕሮቲን ናት። መቶ ገደማ ቅንጣቶች የተሰኩባት ክር ናት እንበል። ክሯ ስድስት ቦታ ላይ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ስድስቱ ጥምዞች ተጠጋግተው አንድ ትንሽ እስር ይሆናሉ። ቅርጿን ካጣች መልእክት የምትቀበልበትም የምታቀብልበትም እጅ የላትም። ዩሪያ ሲበዛባት ትተረተራለች። ዩሪያው ሲቀጥንላት ደግሞ ማንም ሳይነካት ራሷ ተመልሳ ትጠቀለላለች፣ ያውም ዓይን ሳይርገበገብ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ተረት የምታፈርስ ናት። የእኔ ሥራ ስትተረተርና ስትመለስ ከየትኛው ጥምዝ እንደምትጀምር ማየት ነበር።

ይህን አንድ ቀን ለአባቴ አስረዳሁት። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ አንገር ጉቲን የሰፈረ ገበሬ ነው። በአካባቢው ያ ሁሉ የግጭት ግርግር ሲመጣ ማሳውን ትቶ ከእናቴ ጋር ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከተከራየሁት ቤት ገባ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ለሞትም መልእክተኛ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ሥርዓት አለው አልኩት። ሥርዓት ያለው ሞት እሱ እንዳላየ ነገረኝና ወደ ሬዲዮኑ ዞረ።

ፕሮቲኗ የተዘጋጀችው አዲስ አበባ፣ አማካሪዬ ዘንድ ነው። በረዶ በተሞላ ቴርሞስ ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ አመጣኋት። ባኮ ላይ ወርደን ስንፈተሽ ፈታሹ ቴርሞሱን አስከፈተኝ። ምንድን ነው ሲለኝ ፕሮቲን አልኩት። ሥጋ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ በረዶው እየቀለጠብኝ ስለነበር አዎ ሥጋ ነው አልኩት። ነቀምቴ እስክንደርስ ክዳኑን አሥር ጊዜ ያህል ከፍቼ አይቻለሁ፤ በረዶውን ያቀለጠው ፀሐዩ ሳይሆን የእኔ መክፈት ሳይሆን አይቀርም።

ላብራቶሪው በር ላይ የተቀበሉኝ ቴክኒሻናችን ናቸው። አዴ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ የተከበረች ሴት የምትጠራበት ነው። እሳቸው ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ላብራቶሪው ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። በቀጭን ድምፅ መዝሙር እያንጎራጎሩ ብርጭቆ ሲያጥቡ ይውላሉ። ማሽኖቹን ሳያዩ በድምፃቸው ይለዩአቸዋል። የቱ ጠርሙስ መቼ እንደተከፈተ፣ የቱ ተማሪ የቱን ፒፔት እንደሰበረ ከልባቸው አይጠፋም። ያን ቀን ቴርሞሱን ተቀብለው ብልቃጦቹን እያወጡ፣ በትንንሹ እየከፋፈሉ የሆነ ነገር ይነግሩኝ ነበር። እኔ የፈተና ወረቀት ላባዛ እየቸኮልኩ ስለነበር አዎ፣ አዎ ብያቸው ሮጥኩ።

ሥራው ሊጀመር ሲል የላብራቶሪው ንጹሕ ዩሪያ አለቀ። ግዢ ጠየቅን። ግዢ እንዴት እንደሚሄድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲያልፍ ዝናቡ ገብቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ውጤት ካላሳየሁ የጥናት ጊዜዬ ሊቃጠል ነው። ያን ሰሞን ሌሊት እነቃለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ዓይኔ ከበሩ ጀርባ ካለው ጆንያ ላይ አረፈ።

አባቴ አንገር ጉቲንን ሲለቅ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ጭኖ ነበር የመጣው። እናቴ ብርድ ልብስ ትለዋለች፣ እሱ ዩሪያውን ይሸከማል። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንመለሳለን፣ ያኔ ለበቆሎው ከየት እናመጣለን ባይ ነው። እንዲህ እያለ ጆንያው ከበሩ ጀርባ ክረምት አሳለፈ፣ እንደገናም ክረምት አሳለፈ። እኔም ዩሪያ ዩሪያ ነው ብዬ፣ አባቴን ሳላስፈቅድ፣ ሁለት ጣሳ ቀድቼ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የገበሬ ልጅ የሆነ ኬሚስት ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ከተሜ ቢሆን ኖሮ ማዳበሪያ መሆኑ ብቻ ያስፈራው ነበር፤ እኔ ግን በጣሳ ውስጥ እጄን እየነከርኩ ያደግሁበት ስለሆነ እንደ ዘመድ አመንኩት።

አዴ ፌስታሉን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። የከብት በረት ይሸታል አሉኝ። አጣራዋለሁ አልኳቸው፣ አጣራሁትም። ከዚያ ማሟሟት ጀመርኩ። ብርጭቆው በእጄ ውስጥ በረዶ ሆነ፤ ግማሹ ዩሪያ ታች ተቀምጦ ያየኛል። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቼ ማሞቂያው ላይ ጣድኩት።

አዴ እጃቸውን ከውሃው ውስጥ አውጥተው ወደኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ተወው፣ ራሱ ይሟሟል።»

መብራት ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ ነው አልኳቸው። ዩሪያው ፈልቶ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ፤ ደስ አለኝ። የማውቃቸው ብልቃጦች ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ከዚያው ዩሪያ ጋር ቀላቀልኳቸው፤ ሦስተኛዋን ፍሪጅ ውስጥ ተውኳት። ቀኑ ዓርብ ነበር። ማሽኑን አብርቼ ገና የመጀመሪያውን ልክ ሳልወስድ መብራት ሄደ። የተመለሰው እሑድ ማታ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ፊት ቀረብኩ። ማሽኑ ዓይን የማያየው ብርሃን ይለቅባታል፤ ፕሮቲኗ ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ቅንጣት መልሳ ታበራለች። ስትጠቀለልና ስትተረተር የምታበራው አይመሳሰልም፤ ስለዚህ መስመሩን አይቶ የት እንዳለች ማወቅ ይቻላል። ተተርትራለች። ጥሩ። ዩሪያውን በውሃ አቀጠንኩላት። መስመሩ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁት። ሁለተኛዋም አልተመለሰችም። ሦስተኛዋን ከፍሪጅ አውጥቼ ያንኑ ዩሪያ ጨመርኩባት፣ አሳደርኳት፣ ማክሰኞ አቀጠንኩላት። እሷም እንደተተረተረች ቀረች።

ያኔ ነው ሒሳቤን የሠራሁት። ሦስተኛዋ ዓርብ ዩሪያ አልነካትም፤ የሰነበተችው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ፍሪጁ ደግሞ መብራት አልነበረውም። እሷም ካልተመለሰች ቀልጣ ተበላሽታለች ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ብልቃጦቹን በረዶ ላይ ማስቀመጥ የቴክኒሻኗ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ እጄ ቀድሞኝ ወረቀት አወጣ። የተናደድኩበትን ነገር በወቅቱ ካልጻፍኩት የምፈነዳ ይመስለኛል። ለክፍል ኃላፊው ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ ግድየለሽነት የሚል ቃል ሁለት ጊዜ አለበት። ፈርሜ፣ ራሴ ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ አስገባሁ። ስወርድ ቅልል ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ኃላፊው አዴን ጠርተው ጠየቋቸው። አልቀለጡም አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የጽሑፍ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ እኔ ግን ወረቀት ነበረኝ። በሳምንቱ ከላብራቶሪ ተነስተው የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ንብረት ክፍል ተመደቡ። ጡረታቸው እስኪደርስ እዚያ እንደሚቆዩ ሰማሁ። ያን ሁሉ ዘመን የሠሩበትን ክፍል ቁልፍ ለኔ ሲያስረክቡኝ፣ ባለ ቀይ ክዳኑ ጠርሙስ ሰኞ ያልቃል አሉኝ። አለቀም።

ከዚያ በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ መቆም አቃተኝ። መዝሙሩ የለም። ማሽኑ የሚያሰማው ድምፅ ደህና ይሁን ይታመም መለየት አልቻልኩም። አማካሪዬ ሌላ ፕሮቲን በቅርብ እንደማይደርስ በስልክ ነገሩኝ። ክፍል ስገባ እጣደፋለሁ፣ ስወጣ እጣደፋለሁ፣ የት እንደምደርስ ግን አላውቀውም። ንብረት ክፍሉ ወደ ካፍቴሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበር በጀርባ በኩል ዞሬ ጭቃ እየረገጥኩ መሄድ ጀመርኩ። የበደልኳቸው አይመስለኝም ነበር። ታዲያ ለምን በጭቃ እንደምሄድ ራሴን አልጠየቅኩም።

በወሩ ገደማ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የላብራቶሪ ትምህርት ነበረኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጥንቃቄ ወረቀት አለ፤ የቅጥሬ ሰሞን እኔው ጽፌ፣ እኔው ፈርሜ የለጠፍኩት ነው። አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ አነበበች፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ዩሪያን በፍጹም አታሙቁ ይላል። ለምንድን ነው?»

ለመምህር ቀላል ጥያቄ ነው። ሳላስብ መመለስ ጀመርኩ። ዩሪያ ሲሞቅ ከፊሉ ይለወጥና ሌላ ነገር ይወልዳል አልኳት፤ ያ የተወለደው ነገር ፕሮቲኑ ላይ ይለጠፋል፤ አንዴ የተለጠፈበት ክር ዩሪያው ቢቀጥንም እንደ ድሮው አይጠቀለልም። እርጥበት ላይ የሰነበተ ዩሪያም እንደዚሁ አይታመንም አልኳት። አፌ እንዲህ እያለ ጆሮዬ ሰማው። ሦስቱም ብልቃጦች የገቡት ባንድ ብርጭቆ ዩሪያ ውስጥ ነበር። ፍሪጁን ጠርጥሬያለሁ፣ መብራቱን ጠርጥሬያለሁ፣ ሴትዮዋን ጠርጥሬያለሁ፤ በገዛ እጄ ያፈላሁትን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቁኛል። የዛሬው ይበቃል ብዬ አሰናበትኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ኃላፊው ዘንድ ነው። ደብዳቤዬን መልሱልኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ፋይል የገባ ወረቀት አይወጣም አሉኝ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። የምችለው ሌላ ጽፌ በላዩ ላይ ማስያዝ ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። ግድየለሽነት የሚለውን ቃል በራሴ ስም ላይ አደረግሁት። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ አዴ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ አሉኝ። ሄጄ የምነግራቸው ግን እኔው እንድሆን አዘዙኝ።

አዴ ንብረት ክፍሉ በር ላይ እግሩ በተሰበረ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ወገን ጡብ አስደግፈውታል። አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ፣ አልኳቸው። መለሱልኝ፣ ዓይናቸው ግን ፒንሳ ከያዘው እጃቸው አልተነሳም፤ የቁልፍ ቀለበት ያስተካክሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሞቂያውን፣ ጆንያውን፣ የግድግዳውን ወረቀት። በጥፋቴ እንዳፈርኩ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዓርብ ማታ ብልቃጧን ምን እንዳደረጓት ጠየቅኳቸው። መብራት እንደሄደ በረዶ ላይ አድርገው ጄኔሬተር ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ክፍል ወስደዋታል፤ ሰኞ ማለዳ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ወደ ቦታዋ መልሰዋታል። ከዚያ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ሌሎቹ አሁንም እዚያው ናቸው አሉኝ።

ሌሎቹ የትኞቹ እንደሆኑ አልገባኝም። ፕሮቲኗ የመጣች ዕለት ከየብልቃጡ ትንሽ ትንሽ ከፍለው፣ ስሜን ጽፈውባቸው፣ እዚያ አስቀምጠዋል። ገበሬ ዘሩን ሁሉ ባንድ ቀን አይዘራም አሉኝ። ያኔ ነግረውኛል፣ እኔም አዎ ብያለሁ።

ጡቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ጭቃ።

«ታዲያ አዴ፣ ደብዳቤውን ስጽፍ ለምን አልነገሩኝም?»

ቁልፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አልጠየቅከኝም» አሉኝ። «ጻፍክ።»

ማታ ለአባቴ የጆንያውን ነገር ተናዘዝኩ፤ ሳላስፈቅድ መውሰዴን፣ ዩሪያው መበላሸቱን። ጆንያውን አየው። ከዚያ ለበቆሎውስ ብሎ ጠየቀኝ። ለበቆሎ ምንም አይልም አልኩት፣ እውነትም ነው። ፊቱ ተፈታ። አብሽር፣ እንግዲያማ ያንተ ፕሮቲን ናት የተሞላቀቀችው አለኝ። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ሰኞ አዴ ተመለሱ። ግዢው በመጨረሻ ያመጣውን ንጹሕ ዩሪያ መዘኑ፣ ውሃ ጨመሩ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡ። ማሞቂያው ከሶኬቱ ተነቅሎ ሽቦው ተጠቅልሏል። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ብርጭቆው ላበ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በእጄ ያዝኩት። አንዴ ተነስቼ ወደ መስኮቱ ልሄድ ስል አዩኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። የመጨረሻዋ ፍሬ ሟምታ ስትጠፋ ተራራ የወጣሁ ያህል ደክሞኝ ነበር።

ብልቃጧን ከእንስሳት ሕክምና አመጡ። ተረተርናት። ዩሪያውን አቀጠንኩላት። ልክ ወደ ድሮው ቦታ ተመለሰች፤ እኔ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳላነሳ ስድስቱም ጥምዞች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። እስካሁን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወደ አዴ ዞሬ ተመለሰች አልኳቸው። ያቅፉኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር መሰለኝ።

አዴ ከጋዋናቸው ኪስ አዲስ ደብተር አወጡ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ብልቃጥ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰጠ፣ የተቀበለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ በተቀባዩ ቦታ ስሜ ተጽፏል። እስክሪብቶውን ክዳኑን አውልቀው ሰጡኝ።

«ፈርም» አሉኝ።

ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴሚስተር አልፏል። ጥናቴ ሊያልቅ ነው፤ ፕሮቲኗ ስንት ጊዜ ተተርትራ ስንት ጊዜ እንደተመለሰች ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አዴ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ሥራቸውን እንደ ድሮው ይሠራሉ፣ ብርጭቆ ሲያጥቡም ያንጎራጉራሉ፤ እኔ ስገባ ግን ያቆማሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። መዝሙሩ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ገብቼ እፈርማለሁ።